«ትንሽ አሞታል»

ሰሞኑን የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ድንጋይ ስል ባትሪ ማለቴ ነው፤ ድሬዳዋ ስናድግ ድንጋይ ነበር የምንለው፣ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ለአንድ ሁለት ምሽት ነፍስ እንዘራበት ነበር። ሬዲዮው የእናቴ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ዛሬ ሬዲዮ ከፍቶ ዜና የሚጠብቅ ሰው ስለመኖሩ እንጃ፤ ባጃጅ ነጂው እንኳ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንድ ዓይኑን ስልኩ ላይ አድርጎ ሚሳይል እያየ ነው የሚነዳኝ። እኔ ግን ስልኩ ሰለቸኝና ሣጥኔን ከፍቼ አወጣሁት። የቆዳ ልብሱን ፀሐይ ሲነካው ሽታው ተነሳ። የቆዳ ሽታ፣ የአቧራ ሽታ፣ ከነሱ ሥር ደግሞ እናቴ ጉልበቷን ሲያማት የምትቀባው የሰሊጥ ዘይት። ከሞተች ስንት ዘመኗ! እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«እትዬ ሐሊማ፣ ደግሞ ድንጋይ ማስጣት ጀመሩ?» አለችኝ ዘይነባ ከመንገዱ ማዶ። ዓይኔን ስታይ ቀልዱን ተወችው። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ የኮምቦልቻ ልጅ። ባሏ በበርበራ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ይዟት መጣ፤ እሱ እዚሁ ታሞ ሞተ፣ እሷም እዚሁ ቀረች። መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ጠዋት ጠዋት ፉል ትሸጣለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ሙባረክ ይባላል። እሱም እንደ እኩዮቹ ባሕር ተሻግሮ ወደብ አጠገብ ካለ መጋዘን ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። እንግዲህ ባሕር ማዶ ጦርነት የተነሳው እዚያ ነው። መጀመሪያ ሁለት መንግሥታት ተዛዛቱ ተባለ፣ ቀጥሎ ሌላም ገባበት፣ አሁን ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ በወጉ የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ። ዘይነባን የሚጨንቃት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰማይ የሚወርደው ብረት ከዚያ መጋዘን ምን ያህል ይርቃል?

ዐረብኛም ሶማልኛም ስለማነብ በየቀኑ ወደ እኔ ትመጣለች። «ዛሬስ ምን ይላሉ እትዬ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ከጥጉ ያለው ሻይ ቤት ባለቤት ደንበኞቹ በጣቢያ ሲጣሉበት ጊዜ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ገዝቶ ከመጀመሪያው ጎን ሰቀለ። በአንዱ ከተማው ይነዳል፤ በሌላው እዚያው ከተማ ሰዎች ባሕር ዳር ዓሣ ጠብሰው ይበላሉ። እዚህ አገር ሻይ ይዘው ፖለቲካ የሚያወሩትን ወንዶች «ተቀምጦ ተዋጊዎች» ይሏቸዋል፤ ግማሾቹ በግራው ቴሌቪዥን፣ ግማሾቹ በቀኙ ምለው ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። አንድ ቀን የሚነደው ከተማ የሌላ ዓመት፣ የሌላ ጦርነት ሥዕል ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ደግሞ ሞቷል የተባለ ጄኔራል በስልክ ላይ ቀርቦ መግለጫ ሰጠ፤ ወዲያው መልኩም ድምፁም በማሽን የተሠራ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንም ማንንም አያምንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያሉ ሁሉንም ይሰማሉ፣ በሁሉም ይስቃሉ። መሳቅ የሚችለው ግን እዚያ ልጅ የሌለው ነው።

ሙባረክም ቢሆን አጭር የድምፅ መልእክት ይልክና «ደህና ነኝ እማ፣ ምንም የለም፣ የሚወራውን አትስሚ» ይላታል። እዚያ አገር የወደቀ ነገር ፎቶ ማንሳትም፣ ስለሱ ማውራትም ክልክል ነው አሉ። ዘይነባ ድምፁን ደጋግማ ትሰማና ስልኩን ወደ እኔ ትዘረጋዋለች። «ሲስቅ ይሰማዎታል? ልጄ እንዲህ አይስቅም» ትላለች። እኔ ደግሞ «አይዞሽ» ከማለት ሌላ የማውቀው የለም። ይህን «አይዞሽ» ስል ግን አፌ ውስጥ አንድ የቆየ ነገር ይመረኛል።

ያኔ፣ ከጦርነቱ በኋላ ስንመጣ፣ ሀርጌሳ ጣሪያ አልነበራትም። ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ በሩና መስኮቱ ሳይቀር ተወስዶ፣ ግድግዳዎቿ ብቻ ሰማይ እያዩ ቆመው ነበር። ሰው ከስደት እየተመለሰ በፈረሰው ቤቱ ላይ ሰማያዊ ሸራ ይወጥራል። አባቴ ድሬዳዋ ካረፈ በኋላ እናቴ «የተወለድኩበት አፈር ይብላኝ» አለችና ይዣት መጣሁ፤ በጭነት መኪና፣ ከእቃችን ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ጠጥተን። የዛሬው ሰው ያንን ዘመን ችግር ብቻ አድርጎ ያስበዋል። እኔ ግን በወተት የተፈላው ሻሂ ነው የሚታወሰኝ፤ ሙሉ ብርጭቆው በአንድ ብጣቂ ሽልንግ ነበር፣ ዛሬ ያቺ ሽልንግ መንገድ ላይ ብትወድቅ ልጅም ጎንበስ ብሎ አያነሳት። ሴቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አበባ ያለበት ድሪያ፣ ያንን ስስ ሰፊ ቀሚስ፣ ይለብስ ነበር፤ አንድ ጭነት ጨርቅ በበርበራ ገብቶ ከተማውን በሙሉ እህትማማች አደረገን። ወንዶቹ በሽርጥ ላይ የወታደር ካፖርት ይደርባሉ። ከገበያው መታጠፊያ አንድ ካሴት ሻጭ ነበር፤ በዑድ ክር የሚዘፈን ዘፈን ብቻ ነበር የሚያስደምጠው፤ ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት ላልቶ ዘፋኙ ሁልጊዜ እንቅልፍ የመጣበት ይመስል ነበር። እስካሁን ሳላውቀው እሱን ዜማ አንጎራጉራለሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከሩቅ አገር በሶማልኛ የሚተላለፍ ዜና ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ጭር ይላል። ብረት ቀጥቃጩ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ውኃ የጫነችው አህያ ሳትቀር ከባለቤቷ ጋር ትቆማለች። ያኔ ሰው ዜና ያምን ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። አባቴ ድሬዳዋ እያለን ሬዲዮኑን ከሦስት ጣቢያ ያዳምጥና «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይል ነበር። እናቴማ የባሰች ነበረች። ሬዲዮው «ሕዝቡ ይረጋጋ» ካለ ልብሷን በጨርቅ ትቋጥራለች። እህቶቿ ያለቁት ይቺ ከተማ ስትደበደብ ነው፤ ያን ሰሞን ሬዲዮ የከፈተ ሰው የሰማው ከተማው ሰላም መሆኑንና ዘፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእናቴ ደግ ወሬ ማለት የተደበቀ ክፉ ወሬ ነው። «ደህና ናቸው ያሉኝ ሁሉ ሞተዋል» ትለኝ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ኢድሪስ ያኔ ባሕር ማዶ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እናታችን ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ ይለዝባል፤ እኔን ስትጠራኝ ግን ሰፈሩ ይሰማል። እሱ ባለበት ከተማም ጦርነት ተነሳ። ሬዲዮው ውጊያው ከከተማው ውጪ ነው፣ ነዋሪው አልተነካም አለ። እናቴም ልብሷን ቋጠረች፤ ወዴት ልትሄድ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጊዜ የመጠበቅ ብቻ ነበር፤ እሷ ሬዲዮ ጆሮዋ ላይ፣ እኔ ታር ቤት።

ታር ቤት ለማታውቁት ልንገራችሁ። ስልክ ባልነበረበት ዘመን በሁለት እንጨት መካከል ረጅም ሽቦ ተወጥሮ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ የመገናኛ ሬዲዮ ያለው ክፍል ነበር። ባለሙያው ሙሴ የሚባል፣ ድምፁ ከመጮህ ብዛት የሻከረ ሰው ነበር። ስም ይጣራል፣ ትገቢያለሽ፣ ተናግረሽ ስትጨርሺ «ኦቨር» ትያለሽ፣ ከዚያ ከባሕሩ ማዶ ያለው ሰው ይናገራል። አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ይሰማሻል፤ የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ በታር ሞት አይነገርም። ነውር ነው። ሞት ሽማግሌ ይዞ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው የሚረዳው። በታር የሚባለው «ትንሽ አሞታል» ነው። የሰማው ሰው ይገባዋል፣ ምንም ሳይል ይነሳል፣ የተቀመጠውም ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። በድሬዳዋም፣ በኮምቦልቻም፣ በዚህም ልማዱ ያው ነው።

አንድ ቀን እናቴም አብራኝ ሳለች ሙሴ ስሟን ጠራ። ወዲያ ያለው የኢድሪስ ጓደኛ ነበር። ሰላምታው ረዘመ፤ የፍየሎቹን ጤና ሳይቀር ጠየቀ፣ ፍየል እንኳ የለንም። ከዚያ «ኢድሪስ ትንሽ አሞታል፣ ይሻለዋል፣ እንዳታስቡ፣ ኦቨር» አለ።

አግዳሚው ላይ ያሉት እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁ። «ምኑን ነው ያመመው? ኦቨር» አልኩ እኔ።

«ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው ያመመው። ለእማ እንዳታስብ ንገሪልኝ ብሏል። ኦቨር።»

እናቴ ተነሳች። ከአግዳሚው ላይ አንዲት የማናውቃት ሴት ብድግ ብላ የእናቴን ሻሽ ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ አሠረችላት። ሙሴ የሚቀበለውን ክፍያ አልቀበልም አለ፤ ያ ደግሞ ማኅተሙ ነበር። ቤት ስንደርስ ጎረቤት ምንጣፍ አንጥፎ ጠበቀን፤ ወሬው በአቋራጭ ቀድሞን ነበር። ሼኩ መጡ፣ ዱአ ተደረገ፣ ሰደቃ ወጣ። እኔ ብቻ «ታሟል ነው እኮ ያለው፣ በአላህ፣ ታሟል ነው ያለው» እላለሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ አንቺ ድሬዳዋ ፊደል ቆጥረሻል። ይሄን ግን አልተማርሽም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮዋን ዘጋች፤ ለማን ብላ ትክፈተው?

አልበላም አለች። ውኃ ብቻ ነበር የምትጎነጨው። ጉልበቷን ሰሊጥ ዘይት ስቀባት እግሯን ትዘረጋልኛለች፣ እንደ ልጅ። የነፋሱ ወራት ገባ፣ ሸራው ጣሪያችን ሲርገበገብ ይውል ጀመር፣ እሷም በዚያው ነፋስ ውስጥ ሄደች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፣ እውነት ነው፤ እናቴ ግን ያንን ንጋት አላየችውም።

ኢድሪስ መጣ። በጀልባ በርበራ፣ ከበርበራ በጭነት መኪና። መጣ ሲሉኝ አላመንኩም፣ እግሬ ግን ሮጠ። ከመኪናው ላይ አንድ ቀጭን ሰው ወረደ፤ የግራ ዓይኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ዳቦ ቤቱ ሲመታ ስባሪ ዓይኑን አውጥቶታል። ጓደኛውን «አንድ ዓይና ልጅ አለኝ ብላ አታልቅስ፣ ትንሽ አሞታል በልልኝ» ብሎ የለመነው ራሱ ነው። እኔን አቅፎ ከትከሻዬ በላይ ያያል። «እማስ?» አለ።

ምላሴ የለመደውን አወጣ። «አሟታል» አልኩት። ሌላ ቃል አላስፈለገም፤ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠ። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው በሕይወት መጥቶ፣ ለእሱ ሐዘን የተነጠፈው ያው ምንጣፍ ለእናቱ ተነጠፈለት። ኢድሪስ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ዳቦም ጋገረ፤ አላህ ይማረው፣ እሱም ሄዷል። በኖረበት ዘመን ሁሉ ግን ሬዲዮ ሲከፈት ተነስቶ ይወጣ ነበር። እኔም ሬዲዮኑን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ዘይነባ ልመለስ። ድንጋዬን ባሰጣሁበት ሳምንት የሙባረክ «ደህና ነኝ» ተቋረጠ። ግራው ቴሌቪዥን ወደቡ ተመታ አለ፤ ቀኙ ሁሉም አየር ላይ ከሽፏል፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም አለ። ዘይነባ የግራውን ስትሰማ ፉሏን መጭለፏን ቀጠለች። የቀኙን ስትሰማ ነው ጭልፋው ከእጇ የወደቀው። «ጉዳት የለም ካሉ አለ ማለት ነው» አለችኝ። የእናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝና ደነገጥኩ።

ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ የእኔ ስልክ ጮኸ። ሙባረክ ነው። ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ እኔ መደወሉ ገና ሳያወራ ነገሩን ነገረኝ። መቼም ክፉ ነገር ለጎረቤት ነው የሚነገረው።

«እትዬ ሐሊማ፣ እማዬ አጠገብዎት የለችም?»

«የለችም፣ ተናገር።»

«ሆስፒታል ነኝ። አየር ላይ የከሸፈ ያሉት ስባሪው መጋዘኑ ላይ ወረደ። ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በታች ቆርጠውታል። ሌላው ሰላም ነው፣ ወላሂ። ለእማዬ ግን አይንገሯት። ትንሽ አሞታል ይበሏት።»

ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ያችው ቃል ተመልሳ መጣች። ስልኩን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻገርኩ። እንዴት እንደምናገር ሳላስብ «ዘይነባ፣ ሙባረክ ደውሏል፣ በሕይወት አለ፣ ሆስፒታል ነው» አልኳት።

እሷ የሰማችው «ሆስፒታል» የሚለውን ብቻ ነው። ጮኸች። ሻሿን አውልቃ ጣለችው። ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ተቀምጦ ተዋጊዎቹ ሻያቸውን ትተው መጡ፣ አንዱ ሞት ሲሰማ የሚባለውን «ኢንና ሊላሂ» አለ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ምንጣፍ ተሸክሞ ሲመጣ አየሁት። «አልሞተም!» ብዬ ብጮህ ሰዉ በርኅራኄ ያየኛል፤ አሮጊት ናት፣ ወጉን ትጠብቃለች ብለው ነው። ስልኩን በቪዲዮ አድርጌ ፊቷ ላይ ያዝኩት።

«እማ! ይኸው ነኝ፣ ደህና ነኝ» አለ ሙባረክ እየሳቀ።

ዘይነባ አየችውና በመዳፏ ገፋችው። «ይሄን ደግሞ ማን ሠራው?» አለች። «የሞተ ጄኔራል ሲያወራ አይቼ የለም እንዴ? ውሰጂልኝ! ልጄ እንዲህ አይስቅም!» እኔን አንቺ ስትለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

አልፈርድባትም። ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ስልክ ሲዋሿት ከርመው፣ ልጇ ራሱ በደግ ልቡ ሲዋሻት ከርሞ፣ ምኑን ይዛ ትመን? ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩ። «ሙባረክ፣ አትሳቅ። ደህና ነኝ አትበላት። የሆንከውን ንገራት።»

«እትዬ፣ እባክዎ…»

«ንገራት ብዬሃለሁ! ልታስለቅሳት ነው? ታልቅስ! ይኸው ምንጣፍ እያነጠፉልህ ነው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «እማ» አለ። «ቀኝ እግሬ የለም። ቆርጠውታል።»

የዘይነባ ልቅሶ ቆመ። ቀስ ብላ ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። «አሳየኝ» አለችው።

«ተይ እማ።»

«አሳየኝ።»

ስልኩ ዞረ። ነጭ አንሶላ፣ አንድ እግር፣ ከአጠገቡ በፋሻ የተጠቀለለ አጭር ነገር፣ ከሱ በታች አንሶላው ጠፍጣፋ ነው። ዘይነባ አንሶላው ጠፍጣፋ የሆነበት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይጠዘጥዝሃል?» አለችው በሹክሹክታ።

ያ ሁሉ ሰሞን ሲስቅ የከረመው ልጅ እንባውን ዘረገፈ። «ይጠዘጥዘኛል እማ። በጣም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘይነባ። ወደ ሰዎቹ ዞራ እያለቀሰች «ልጄ ነው። ልጄ ነው፣ አለልኝ» አለቻቸው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ክፉ ዜና በዚያ ዓይነት ደስታ ሲቀበሉት አላየሁም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ምንጣፉን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገው። ተዋጊዎቹም አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ያን ቀን ለአንድ አፍታ እንኳ የሚጨቃጨቁበት አላገኙም።

እኔ በረንዳዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ድንጋዮቹ ሞቀዋል። ሬዲዮው ውስጥ ከተትኳቸው፣ ጥቂት ሲንኮሻኮሽ ቆየና አንድ ሰው በጥሩ ዐረብኛ በነዋሪዎች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም አለ። ዘጋሁትና የቆዳ ልብሱን ደረቴ ላይ ያዝኩት።

እማ፣ ኢድሪስን ትንሽ አልነበረም ያመመው። ግራ ዓይኑ ወጥቶ ነበር። ይህንን ነግረውሽ ቢሆን ታምኚ ነበር፣ አምነሽም ትጠብቂው ነበር።